ዱቤን ዘግቶ ብድርን መጨረስ፦ ለጅማ ቤተሰብ የሚሆን የወጪ አያያዝ

ጅማ ውስጥ ዕዳ ያለበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ያለበት ዕዳ አንድ ትልቅ ብድር ብቻ አይሆንም። ከሰፈር ሱቅ የተወሰደ ዘይትና ስኳር አለ፤ ክረምቱን ለማለፍ ከዘመድ የተበደሩት አለ፤ ስልክ ላይ በሁለት ንክኪ የተወሰደ ገንዘብ አለ፤ የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር በየወሩ ከደመወዝ ይቆርጣል፤ አከራዩም አንድ ወር ታግሰዋል። አንድ በአንድ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው፤ ድምሩን የሚያውቀው ግን የለም። ባለሱቁ ደብተር አለው፣ ቁጠባ ማህበሩ ደብተር አለው፣ አበዳሪውም የሆነ ቦታ ጽፎ ይዟል። ደብተር የሌለው ተበዳሪው ብቻ ነው። ሥራው የሚጀመረውም እዚህ ላይ ነው፦ በየሰዉ እጅ የተበተነውን ጽሑፍ በራስ ደብተር አንድ ገጽ ላይ መሰብሰብ።

ዕዳው አንድ ገጽ ላይ

ባለመስመር ደብተር ይግዙና ገጹን አምስት ቦታ ይክፈሉት፦ የማን ገንዘብ ነው፣ ዛሬ ስንት ቀረ፣ በወር ስንት ብር ይጨምራል፣ መቼ ይከፈላል፣ ወረቀት ወይም ዋስ አለው ወይ።

ከጭንቅላት አይጻፉ። ሱቁ ድረስ ይሂዱና ከባለሱቁ ጋር አብረው ይደምሩ። የዱቤ ደብተር ላይ ደጋግመው የሚታዩ ሦስት ስህተቶች አሉ፦ የተከፈለው ሳይሰረዝ ይቀራል፤ ልጅ ተልኮ የወሰደው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ዋጋው በወሰዱበት ቀን ሳይጻፍ ይቆይና በኋላ በጨመረው ዋጋ ይሞላል። ባለሱቁ ሊያታልል ፈልጎ ላይሆን ይችላል። ግርግር ውስጥ ነው የሚጽፈው። ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት፣ ጠዋት ረፋድ ላይ ይሂዱ እንጂ የማታ ወረፋ ላይ አይጠይቁት።

ሦስተኛዋ ቦታ በመቶኛ ሳይሆን በብር ትሞላ። «በወር 10 በመቶ» ሲባል ቀላል ይመስላል። 5,000 ብር ላይ ግን በየወሩ 500 ብር ነው፤ ወለዱን ብቻ እየከፈሉ አሥር ወር ከቆዩ 5,000 ብር ሰጥተው ዋናው 5,000 እንዳለ ይጠብቅዎታል። የስልክ ብድርም እንዲሁ ይሰላ። በቴሌብር መላ፣ በእንደኪሴ ወይም በሌላ መተግበሪያ ሲበደሩ «እሺ» ከማለትዎ በፊት የአገልግሎት ክፍያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ለምሳሌ 1,000 ብር ለ30 ቀን ወስደው የሚከፍሉት 60 ብር ቢሆን፣ በየወሩ እየመለሱ እየወሰዱ ዓመቱን ሲዘልቁት 720 ብር ነው። እንደኪሴ ሌላም ጠባይ አለው፦ ሂሳብዎ ውስጥ ያለው ሳይበቃ ሲቀር ግዢው ያልፍልዎታል፣ በኋላ ገንዘብ ሲገባ ግን ቀድሞ እሱ ይቆረጣል። ለአስቤዛ የላኩት ገንዘብ አስቤዛ ሳይሆን የሚቀረው በዚህ ነው።

የሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። እውነት የሚሆነው የዱቤና የእጅ በእጅ ዋጋ አንድ ሲሆን ነው። አንድ ቀን ሌላ ሱቅ ገብተው የዚያኑ ዘይት የካሽ ዋጋ ይጠይቁ፤ ልዩነቱ ወለዱ ነው።

ዋስ የሆኑበትንም በእርሳስ ይጻፉ። የማይክሮፋይናንስ የቡድን ዋስትና ውስጥ ከገቡ አንዱ ሲያቆም የቀሩት ይከፍላሉ፤ ይህ ገና ያልመጣ ዕዳ ነው።

ከዚህ በታች ላለው ስሌት አንድ ቤተሰብ እንያዝ። ባል መምህር ነው፤ ከግብር፣ ከ7 በመቶ የጡረታ መዋጮና ከቁጠባ ማህበር ተቀናሽ በኋላ እጁ የሚገባው 11,400 ብር ነው። ሚስት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ገቢዋ ይዋዥቃል፣ ካለፉት ሦስት ወራት ዝቅተኛው 5,600 ነበር። በጀት የሚሠራው በዝቅተኛው ነው፤ ስለዚህ 17,000 ብር። ዕዳቸው፦ ከግለሰብ በወር 10 በመቶ 5,000፤ የሱቅ ዱቤ 3,800፤ የአንድ ወር ኪራይ 3,500፤ ከእህት 8,000፤ ከመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር የቀረ 24,000፣ በየወሩ 1,600 ከደመወዝ የሚቆረጥ። ድምር 44,300 ብር።

አሥራ አራት ቀን ምንም ሳይቀንሱ መጻፍ

በጀት ከማውጣት በፊት ለሁለት ሳምንት የወጣውን ብቻ ይመዝግቡ። በዚህ ጊዜ መቆጠብ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያሳስታል። የሚፈለገው የተለመደው ኑሮ ሥዕል ነው።

ሁሉንም በየሰዓቱ መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በቆጠራ ይያዙት። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ይቁጠሩና ይጻፉ። ማታ ደግመው ይቁጠሩ። ልዩነቱ የዕለቱ ወጪ ነው። ከዚያ የሚያስታውሱትን ይዘርዝሩ፣ ያላስታወሱትን «የት ገባ» በሚል ስም ይጻፉት። «የት ገባ» ከዕለቱ ወጪ ከአሥር አንድ እጅ ካለፈ፣ ከነገ ጀምሮ እንደወጣ ወዲያው መጻፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። በስልክ የከፈሉትን መልእክቱ ይመዘግብልዎታል፤ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችን አያጥፉ፣ ማታ ማታ ወደ ደብተሩ ይገልብጡ። ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ያዛወሩትንና ከኤቲኤም ያወጡትን ግን ወጪ ብለው አይጻፉ፣ ያለዚያ አንዱ ብር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ባልና ሚስት አንድ ደብተር ይኑራቸው። አንዱ የደበቀው ዕዳ ካለ እዚህ ላይ መውጣት አለበት፤ በኋላ ከወጣ ዕቅዱን ብቻ ሳይሆን መተማመኑንም ይዞ ይሄዳል።

ከተማችን ውስጥ ገንዘብ የሚያፈሱት ቦታዎች ብዙም አያስገርሙም። የጀበና ቡና ሲኒው 20 ብር ቢሆን በቀን ሁለት፣ በወር 26 የሥራ ቀን፣ 1,040 ብር ነው። ባጃጅ በመስመር 15 ብር የሚያደርስዎትን በኮንትራት 100 ከሄዱ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢሆን እንኳ በወር 680 ብር ልዩነት አለው። ጫት የሚቅም ሰው ጫቱን ብቻ ጽፎ ይተዋል፤ አብሮ የሚገዛው ውሃ፣ ለውዝና ለስላሳ ሌላ ቦታ ተበትኖ ስለሚጻፍ ትክክለኛው ወጪ አይታይም። አንድ መስመር ላይ ይሰብሰብ። የቤት ቡናም እንዲሁ ነው። ቡናው ራሱ ከዘመድ ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ ሊመጣ ይችላል፤ ስኳሩ፣ ከሰሉና ቡና ቁርሱ ግን ከሱቅ ነው፣ ያውም በዱቤ። ጎረቤት ጠርቶ ቡና መጠጣትን ሰርዙ የሚል ምክር እዚህ አገር አይሠራም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ ወደ ሁለት ማውረድ ወይም ተራ መግባት ይሠራል።

ሳምንቱን ከሐሙስ መጀመር

ደመወዝ በወር ይመጣል፣ ገንዘብ የሚያልቀው ግን በሳምንት ነው። ስለዚህ የወር በጀት አውጥተው በሳምንት ይከፋፍሉት። ጅማ ላይ ሳምንት የሚጀምረው ሐሙስ ቢሆን ይሻላል፤ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፣ አትክልትና እህል ሲሸመት የሳምንቱ ትልቁ ወጪ በዚያ ቀን ይወጣል። ከሐሙስ ጠዋት እስከ ረቡዕ ማታ አንድ ሳምንት ይሁን።

አንድ ወጥመድ አለ። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ረቡዕ ወይም ሐሙስ የገባ ወር አምስት ሐሙስ አለው። በአራት የከፈለ ሰው በአምስተኛው ሐሙስ ባዶውን ይቀራል፣ ወደ ዱቤም ይመለሳል። ስሌቱ በቀን ይሁን፦ ለአስቤዛ በወር 4,800 ከተመደበ በቀን 160፣ በሳምንት 1,120 ነው፤ ከአራት ሳምንት በኋላ የሚተርፈው 320 ለቀሪዎቹ ሁለት ቀናት ነው።

የያዝነው ቤተሰብ ከሁለት ሳምንት ምዝገባ በኋላ ያወጣው በጀት ይህን ይመስላል፦ ኪራይ 3,500፤ እህል በወር አንድ ጊዜ 3,000፤ አስቤዛ 4,800፤ ከሰል፣ መብራትና ውሃ 1,000፤ ትራንስፖርት 700፤ ስልክ 250፤ ትምህርት ቤት 600፤ እድር፣ ለቅሶና ጥየቃ 500። ድምር 14,350። ለዕዳ የሚተርፈው 2,650 ብር ነው።

የሳምንቱን 1,120 በፖስታ ወይም በተለየ ቦርሳ ያስቀምጡ። የዚያ ሳምንት ፖስታ ባዶ ከሆነ ከቀጣዩ ፖስታ አይነካም፤ ቤት ባለው ሽሮና ምስር ይታለፋል። የዕዳውን 2,650 ደግሞ ደመወዝ በገባበት ቀን ይክፈሉ። ወሩ መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ገንዘብ የለም፤ ይህን ለማረጋገጥ ያለፈውን ዓመት ማስታወስ ይበቃል።

ምግብ ላይ ብዙ አይጭመቁ። አስቤዛን ከ160 ወደ 100 ያወረደ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰበራል። ዘይት ያልቃል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፣ የተዘጋው ደብተር ይከፈታል። በመጠን ከመቀነስ ይልቅ የግዢውን መንገድ መቀየር ይሻላል፦ በየቀኑ በትንሽ ፌስታል ከሚገዛው ሽንኩርትና ቲማቲም የሐሙሱ የገበያ ዋጋ ይቀላል፤ ዘይት በብርጭቆ ከመግዛት ባለ 5 ሊትሩ በሊትር ይረክሳል። ቲማቲም ግን ለሳምንት ገዝተው በጅማ ዝናብና እርጥበት ካበሰበሱት ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ግማሹን ሐሙስ፣ ግማሹን እሑድ አካባቢ ከጉሊት።

የትኛው ይቅደም

በወር ብዙ ብር የሚጨምረው ይቅደም። ትንሹን ዕዳ አስቀድሞ ጨርሶ መንፈስን ማበርታት የሚመክሩ አሉ፤ ዕዳዎቹ ወለዳቸው ተቀራራቢ ከሆነ እስማማለሁ። በወር 10 በመቶ የሚበላ ብድር እያለ ግን ከወለድ ነፃ የሆነውን የእህት ብር ማስቀደም ውድ ጨዋነት ነው። ሁለት ነገሮች ብቻ ከወለድ በፊት ይመጣሉ፦ ከቤት የሚያስወጣ ኪራይ፣ እና ዋሱን የሚያስጨንቅ ብድር።

ከ2,650 ውስጥ 500 ለአከራዩ (በሰባት ወር ያልቃል)፣ 300 ለሱቁ፣ ቀሪው 1,850 በሙሉ ለባለ 10 በመቶው ይሁን። የቁጠባ ማህበሩ ራሱ ስለሚቆርጥ አይነካም። እህት አምስት ወር እንድትታገስ ዛሬ ትነገር።

የመጀመሪያው ወር ወለድ 500፣ ከዋናው 1,350 ይቀነሳል፣ 3,650 ይቀራል። ሁለተኛው ወር ወለድ 365፣ የሚቀረው 2,165። ሦስተኛው ወር ወለድ 217፣ የሚቀረው 532። በአራተኛው ወር ከ53 ብር ወለድ ጋር ይዘጋና 1,265 ብር ይተርፋል፤ እሱ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ሱቁ እስካሁን በየወሩ 300 ስለተከፈለው የሚቀረው 1,335 ብቻ ነው፣ በአምስተኛው ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለእነዚህ ሁለቱ ይወጣ የነበረው 2,150 ብር በወር ለአከራዩና ለእህት ነው። አንዱ ዕዳ ሲያልቅ ክፍያውን ወደ ኑሮ መመለስ የተለመደው ስህተት ነው። ወደሚቀጥለው ዕዳ ይዙር።

ይህ ስሌት ግን አበዳሪው ዋናው ሲቀንስ ወለዱንም ከቀነሰ ነው። ብዙዎቹ «ዋናውን በአንዴ አምጣ» ይላሉ፣ እስከዚያ 500ው አይቀንስም። እንዲህ ከሆነ በየወሩ 1,350 ለብቻው ሂሳብ ያጠራቅሙና በአራተኛው ወር በአንዴ ይዝጉት፤ የወለዱ ድምር ከ1,135 ወደ 2,000 ብር ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብር ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ላይ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ በወር 10 በመቶ የዓመቱን ልክ በሁለት ወር ይበልጠዋል። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ለዚህም ነው ወለዱ ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ዋናው ተቆልሎ የሚጻፈው፦ 5,000 ተቀብለው 6,500 ተበደርኩ ብለው ይፈርማሉ። ከተቀበሉት ብር በላይ አይፈርሙ። አስቀድመው ከፈረሙም ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት ይያዙ።

በእምነቱ ምክንያት ከወለድ ነፃ በሆነ አገልግሎት ዕቃ በሙራባሃ (ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በሚሸጥበት መንገድ) የወሰደ ሰው ሌላ ስሌት አለው። ትርፉ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ተቆርጦ ስለገባ ቀድሞ መክፈል ዋጋውን በራሱ ላይቀንስ ይችላል። ባንኩን ጠይቆ ቅናሽ ከሌለ በጊዜው እየከፈሉ ትርፍ ገንዘብን ወደ ሌላው ዕዳ ማዞር ነው።

ከባለሱቁ ጋር መነጋገር

ሱቅ በር ላይ ላለማለፍ በሌላ መንገድ የሚዞር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። ባለሱቁን የሚያስቆጣው ከመዘግየቱ በላይ መጥፋቱ ነው። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፣ 300ውን ይዘው ይሂዱ፤ እንዲህም ይበሉ፦ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ያለብኝ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው። እዚህ ጋ መስመር እናስምርበት። ዛሬ ሦስት መቶ ይኸው፣ ደመወዝ በገባ ቁጥር ሦስት መቶ አመጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምወስደው በእጅ በእጅ ነው።» መስመሩ ዋናው ነገር ነው። አሮጌው ዕዳ ሲቀንስ የሚታየው አዲስ ካልተጨመረበት ብቻ ነው። ለልጆቹም ለባለሱቁም «ያለ ብር የመጣ ልጅ እንዳይሰጠው» ይባል። ከዚያው ሱቅ በካሽ መግዛትዎን አይተዉ፤ ደንበኛው እንዳልሄደበት ያየ ባለሱቅ ይታገሳል።

የማይችሉትን ቃል አይስጡ። 500 ብሎ ሁለት ወር ከፍሎ ከመጥፋት 300 ብሎ አምስት ወር መክፈል ይሻላል።

ወረቀት ዘመድ ጋርም ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ሲከፍሉም እንዲሁ ነው፦ በስልክ ይላኩና ምክንያቱ ላይ «የብድር ክፍያ» ብለው ይጻፉ፣ በእጅ ከሰጡ ተቀባዩ ደብተርዎ ላይ ይፈርም፣ ሲጨርሱ የውሉን ወረቀት ይረከቡ። ግል ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ አሠሪው ለብድር የሚቆርጠው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በጠቅላላው ከወር ደመወዝዎ ከሲሶ ሊበልጥ አይችልም።

ዕቁብን በልክ

ዕቁብ መጀመሪያ ለደረሰው ከወለድ ነፃ ብድር፣ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው። አሥር ሰው በወር 1,000 የሚጥልበት ዕቁብ ቀድሞ ከወጣልዎት 9,000 ብር ያለ ወለድ ተበደሩ ማለት ነው፤ ውድ ዕዳ ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ዕጣ መግዛት ላይ ነው። ሦስት ወር ቀድመው 10,000 ለማግኘት ለባለ ዕጣው 800 ብር ከሰጡ እጅዎ የገባው 9,200 ነው፤ በሦስት ወር 8.7 በመቶ፣ ለዓመት ሲሰላ 35 በመቶ ገደማ። ከ10 በመቶ ወርሃዊው ይሻላል፤ ሶፋ ለመግዛት ግን ውድ ነው። የዕቁቡ መዋጮ በጀቱ ውስጥ ካልገባ ደግሞ መዋጮውን ለመጣል መበደር ይመጣል፤ ያኔ ቢያወጡ ይሻላል፣ ዳኛውን አነጋግረው ቦታዎን ለሌላ በማስተላለፍ።

ክረምትና ጳጉሜ

ጅማ ገንዘብ የሚገባባት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቡና የሌለው ሰው እንኳ ይሰማዋል፦ ባጃጁ ይሠራል፣ ሱቁ ይሸጣል፣ እንጀራው ያልቃል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይቀዘቅዛል፣ ዱቤውም የሚከማቸው ያኔ ነው። ውዱ የክረምት ብድር ቡናን ዛፉ ላይ እያለ መሸጥ ነው። ሐምሌ ላይ 6,000 ብር ተቀብሎ ህዳር ላይ 100 ኪሎ እሸት ለመስጠት የተስማማ ሰው፣ እሸቱ በዚያን ጊዜ 80 ብር ቢሆን 8,000 ብር ነው የከፈለው፤ በአራት ወር 2,000 ብር፣ ከተቀበለው ሲሶ። ከቤተሰብ መሬት የቡና ገቢ ያለው ሰው በሽያጭ ቀን ዕዳውን ከፍሎ የቀረውን በአሥራ ሁለት አካፍሎ ለብቻው ሂሳብ ያስቀምጥ፣ በየወሩም እንደ ደመወዝ ያውጣ። ሐምሌና ነሐሴ የሚታለፉት በዚህ ነው።

ደመወዝተኛው ደግሞ ጳጉሜን ይጠንቀቅ። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ 35 ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ 36። ደመወዙ ግን አንድ ነው፤ በመሃሉም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። በቀን 160 ለሚያወጣው ቤት አምስቱ ቀን ብቻ 800 ብር ነው። ይህን ከምዝገባውና ከበዓሉ ጋር ደምረው በጠቅላላው 5,500 ብር ከመጣ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 500 ብር ማስቀመጥ ዕዳው ሳያልቅም መጀመር አለበት። በያዝነው ቤተሰብ ይህ 500 የሚመጣው ሚስት ከ5,600 በላይ ባገኘችበት ወር ነው፤ ያ በቂ ካልሆነ ከ1,850ው ላይ ይነሳ፣ ባለ 10 በመቶው አንድ ወር ተጨማሪ ቢወስድም። ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ ቀደም እያሉ ስለሚመጡ የእነሱን ወጪ ደብተሩ ሲከፈት ወሩን አይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።